የጎተራው ልክና የደመወዙ ልክ
(የገንዘብ አያያዝን በቤተ ሰብ ውስጥ ስለ ማስተማር)

ስለ ገንዘብ አያያዝ በተነሣ ቍጥር ብዙ ሰው የሚያነሣው የገበያውን መወደድና የደመወዙን ማነስ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የጉዳዩ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የሚገኘው በየቤታችን ውስጥ ነው። አባት የሚያገኘውን፥ እናት የምታወጣውን፥ ልጅ የሚጠይቀውን አንዱ ከሌላው ሳያውቅ የሚኖርበት ቤት፥ ገቢው ቢበዛም ቢያንስም ከጭንቀት አይወጣም። ይህ መደባበቅ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ታሪክን ወደ ኋላ መመልከት ይጠቅማል።

ገበሬው አባታችን ሀብቱን ያኖር የነበረው በጎተራና በበረት ነው። ጎተራ ደግሞ የማይዋሽ አስተማሪ ነበር። እህሉ ምን ያህል እንደ ጎደለ ባለቤቲቱ ስትሰፍር ታያለች፤ ልጆችም ያያሉ። ለመከር ስንት ወር እንደ ቀረና በጎተራው ምን ያህል እንደ ተረፈ ለማመዛዘን ፊደል መቍጠር አያስፈልግም ነበር። ለዘር የተቀመጠውን እህል መብላት ነውር መሆኑን ልጅ የሚማረው በቃል ምክር ብቻ አልነበረም፤ በክረምት ችግር ጊዜ እንኳ እናቱ ያንን እህል ሳትነካ ስታልፍ በዓይኑ እያየ ነው።

የጥሬ ገንዘብ ጠባይ ግን ሌላ ነው። በገበያ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል፥ በአውሮፓ አቈጣጠር 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ብር የባለጸጋው መዝገብ ሆነ። ብር ያጠራቀመ ሰው ከሌባና ከዘራፊ ለማዳን ሲል በእንስራ አድርጎ በመሬት ይቀብረው ነበር። ዘዴው ለጥበቃ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምስጢሩን ለሚስቱና ለልጆቹ ሳይነግር በድንገት የሞተ ሰው፥ ሀብቱን ለመሬት አወረሰ እንጂ ለቤተ ሰቡ አላወረሰም።

ዳግማዊ ምኒልክ የአቢሲንያን ባንክ በየካቲት ወር 1898 ዓ.ም. በከፈቱ ጊዜ ገንዘብ የሚቀመጥበት አዲስ ስፍራ ተገኘ። ባንኩ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል፥ የ50 ዓመት መብት ተሰጥቶት የቆመ ነበር። ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ የወረቀት ገንዘብ ቢያወጣም ሕዝቡ ከወረቀቱ ይልቅ በእጁ የሚከብደውን ብር ያምን ነበር። በ1923 ዓ.ም. ያ ባንክ ፈርሶ በመንግሥት ባለቤትነት የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአገር አስተዳደር ደንብ የአገረ ገዥዎች መተዳደሪያ ከግምጃ ቤት የሚከፈል ደመወዝ ሆነ፤ በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራውን ጀመረ፤ በሐምሌ ወር 1937 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ።

እንግዲህ ልብ በሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጎተራ የሌለው፥ በወር አንድ ቀን ብቻ መከር የሚያስገባ የከተማ ሠራተኛ በዛ። የሠራተኛው ልጅ የአባቱን ሥራ አያይም፤ የሚያየው ወር በገባ ጊዜ የሚገዛውን ሥጋ፥ ወር ሊያልቅ ሲል ደግሞ የባለ ሱቁን የዱቤ ደብተር ነው። የጎተራው ልክ ይታይ ነበር፤ የደመወዙ ልክ ግን በአባት ኪስ ተሰወረ። እንስራው ተለወጠ እንጂ ቀብሮ መኖሩ አልቀረም።

ከዚሁ ከከተማችን ሳንወጣ ሌላ ዓይነት ቤት እንመልከት። በጉለሌ፥ ከእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው፥ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ኖረዋል፤ ዛሬም አሉ። የሸማኔ ቤቱ መሥሪያ ቤቱ ነው። ሚስት ትፈትላለች፤ ልጅ ድውር ያጠነጥናል፤ አባት እግሩን በጉድጓዱ አግብቶ መወርወሪያውን ይወረውራል። ስለዚህ ልጁ አንድ ጋቢ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፥ ነጋዴው ስንት እንደሚከፍል፥ ከተከፈለውም የሚቀጥለው ሥራ ድርና ማግ ሳይገዛ ሌላ ነገር መግዛት እንደማይገባ ያውቃል። የድርና የማጉ ዋጋ የሸማኔው የዘር እህል ነው። ከዚህም ሌላ መስቀልን በአገሩ ለማክበር ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት የሚያጠራቅመው ብዙ ነው። ሕፃንን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ በሸማ ሥራ ማድከም ግን የሚነቀፍ ነው፤ እኛ ከሸማኔው ቤት የምንወስደው የሒሳቡን ግልጽነት ነው።

የከተማ ሰው እቁብን የያዘውም ይህን የጠፋ መስፈሪያ ለመተካት ነው። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ አሥር አሥር ብር ቢያዋጡ፥ እጣ የወጣለት 200 ብር ይወስዳል፤ ዙሩም በሃያ ሳምንት ያልቃል። በመጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ፤ በመጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ አጠራቀመ። ዳኛና ጸሐፊ የሚሾመው፥ ዋስም የሚጠራው፥ አስቀድሞ የተወሰደ ገንዘብ የራስ ገንዘብ ሳይሆን ዕዳ መሆኑ እንዳይረሳ ነው። መንግሥትም በበኩሉ የጡረታ አዋጅ ቍጥር 209/1955ን ሲያወጣ ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 4፥ መሥሪያ ቤቱ ከመቶ 6 እንዲያዋጡ አደረገ። በእነዚያው ዓመታት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች የቍጠባና የብድር ማኅበር አቋቁመው ለሌሎች አርአያ ሆኑ።

ነገር ግን እቁብም፥ ጡረታም፥ ባንክም የቤትን ትምህርት አይተኩም። አባት ደብተሩን ደብቆ ቢሞት፥ ሚስት ማን አበዳሪ ማን ተበዳሪ እንደሆነ ሳታውቅ በለቅሶዋ ላይ ባለዕዳ በሩን ያንኳኳባታል። እድሩ ይቀብራል፤ የልጆቹን የነገ እንጀራ ግን አይሸፍንም።

ስለዚህ አንባብያን ሆይ፥ ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፥ ደመወዝ በተቀበልንበት ቀን ባልና ሚስት በአንድነት ተቀምጠው የቤት ኪራዩን፥ የአስቤዛውን፥ የትምህርት ቤቱን፥ የቍጠባውን ድርሻ ይለዩ፤ የቍጠባው ድርሻ እንደ ዘር እህል ይቈጠር። ሁለተኛ፥ ብድርና ዋስትና ያለ ትዳር ጓደኛ ዕውቀት አይፈረም። ሦስተኛ፥ ልጅ ለዕድሜው የሚመጥን ጥቂት ገንዘብ ይሰጠው፤ በምን እንዳዋለው ይጠየቅ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ከጨረሰ አይጨመርለት። ዛሬ በሳንቲም የሚቀጣ ልጅ ነገ በቤቱና በትዳሩ አይቀጣም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ ማለት ይህ ነው።

ጎተራው ከከተማ ቤታችን ወጥቷል፤ ልኩን ግን በአንዲት ደብተር ላይ መልሰን ልናሳይ እንችላለን።