ከአልጋ ወራሹ ጋር የተቃጠለችው ማን ነበረች?

በመምህራን ማሠልጠኛ ታሪክ የምናስተምር ሁሉ የምናውቀው ነገር አለ። ሠልጣኞቻችን የሚጋጩ ምንጮች ሲገጥሟቸው «እውነተኛው የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁና አንዱን መርጠው ሌላውን ይጥላሉ። ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ መሆኑን ለማሳየት ከሩሲያ ታሪክ አንድ የግድያ ጉዳይ እንመልከት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከዙፋኑ የወረደው ዛር ኒኮላስ 2ኛ፣ እቴጌ አሌክሳንድራ፣ አራቱ ሴቶች ልጆቻቸውና የ13 ዓመቱ አልጋ ወራሽ አሌክሲ፣ ከሐኪማቸውና ከሦስት አገልጋዮቻቸው ጋር ጁላይ 17 ቀን 1918 በየካተሪንቡርግ ተገደሉ፤ በጠቅላላው 11 ሰዎች። የቦልሼቪክ መንግሥት ግን የተገደለው ዛሩ ብቻ መሆኑንና ቤተ ሰቡ ወደ አስተማማኝ ስፍራ መወሰዱን አስታወቀ። ከተማዋን ወዲያው የያዘው የነጮች ጦር ምርመራ አስጀመረ፤ በ1919 ሥራውን የተረከበው ኒኮላይ ሶኮሎቭ በአንድ የማዕድን ጉድጓድ አጠገብ የተቃጠለ ልብስ፣ ጌጣጌጥና የአጥንት ስብርባሪ ከመረመረ በኋላ፣ ሁሉም ተገድለው ሬሳቸው በእሳትና በአሲድ ጠፍቷል ሲል ደመደመ። ሦስተኛው ምንጭ የገዳዮቹ አዛዥ ያኮቭ ዩሮቭስኪ የተወው ማስታወሻ ነው። በዚህም መሠረት 9 ሬሳ በመንገድ ሥር ሲቀበር ሁለቱ ተለይተው ተቃጠሉ፤ እነርሱም አልጋ ወራሹና፣ በእቴጌይቱ ፈንታ በስሕተት የተወሰደችው ደንገጡር ነበሩ።

ሠልጣኞች ይህን ሲሰሙ ሶኮሎቭን ይመርጣሉ። ትጉህ መርማሪ ነበርና፤ ዩሮቭስኪ ግን ነፍሰ ገዳይ ነው። ይሁን እንጂ አሌክሳንደር አቭዶኒንና ጌሊ ሪያቦቭ በ1979 መቃብሩን ያገኙት በማስታወሻው እየተመሩ ነው። በ1991 ሲከፈትም የተገኘው 9 አፅም ነበር። ሶኮሎቭ የሰበሰባቸው ዕቃዎች እውነተኛ ነበሩ፤ መደምደሚያው ግን ከዕቃዎቹ አልፎ ሄደ። የመንግሥቱ ውሸትም ቢሆን ዕድሜው ረዥም ነበር። በ1920 በርሊን ውስጥ ከቦይ የወጣች አንዲት ሴት ልዕልት አናስታሲያ ነኝ እያለች እስከሞተችበት እስከ 1984 ድረስ ብዙዎችን አሳምናለች። በሆስፒታል ተቀምጦ ከነበረ ሥጋዋ ላይ በ1994 የተደረገው የዲ ኤን ኤ ምርመራ ዝምድና እንደሌላት አሳየ።

ታዲያ የተቃጠለችው ሴት ማን ነበረች? በእናት በኩል ብቻ የሚወረስ የዲ ኤን ኤ ዓይነት አለ። የእቴጌይቱ እኅት የልጅ ልጅ የሆኑት የእንግሊዙ ልዑል ፊሊፕ ደም ሰጥተው ከአፅሞቹ ጋር ሲመሳከር፣ እናትና ሦስት ሴቶች ልጆች በመቃብሩ መኖራቸው ታወቀ። ከቤተ ሰቡ ጋር ዝምድና የሌላት የአንዲት ሴት አፅምም እዚያው ነበረ፤ ይህች ደንገጡሯ ናት። በ2007 ከመቃብሩ 70 ሜትር ያህል ርቆ የአንድ ወንድ ልጅና የአንዲት ወጣት ሴት የተቃጠለ አጥንት ተገኘ፤ ምርመራውም ሁለቱ የዛሩና የእቴጌይቱ ልጆች መሆናቸውን አረጋገጠ። እንግዲህ ዩሮቭስኪ በቦታው፣ በቍጥሩና በልጁ ማንነት ትክክል ሆኖ፣ በገዛ እጁ ባስቃጠላት ሴት ማንነት ግን ተሳስቷል። የሚዋሽበት ምክንያት አይታየንም፤ ሁለት ሌሊት ሲንገላታ የቆየ ሬሳን መለየት የሚያስቸግር ይመስለናል።

ልጅቱ የትኛዋ እንደሆነች ግን ሌላ ክርክር ነው። የሩሲያ ባለሙያዎች የራስ ቅሎቹን ከፎቶግራፍ ጋር አስተያይተው የጎደለችው የ19 ዓመቷ ማሪያ ናት አሉ። ዊልያም ሜፕልስ የመሩት የአሜሪካ ቡድን ደግሞ የአጥንቶቹን ዕድገት አይቶ የ17 ዓመቷ አናስታሲያ ናት አለ። ዲ ኤን ኤ እኅትማማችነትን ያረጋግጣል እንጂ ስም አይናገርም። በ1998 በሴንት ፒተርስበርግ በተፈጸመው ቀብር አናስታሲያ ተብላ የተቀበረች አለች፤ ማሪያ የምትባል ግን አልነበረችም።