«ወፈረ፣ አማረበት» ከማለታችን በፊት፦ ሜታቦሊክ ሲንድረም እና ልጆች

መተማ ዮሐንስ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ከትምህርት ቤት ለተመለሰ ልጅ ቀዝቃዛ ለስላሳ መግዛት ፍቅር ይመስለናል። ግን 330 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ወደ 9 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው።

ሜታቦሊክ ሲንድረም ብቻውን የቆመ አንድ በሽታ አይደለም። የሆድ ውፍረት፣ የደም ግፊትና የደም ስኳር መጨመር፣ የደም ስብ መብዛት፣ የጥሩው ኮሌስትሮል ማነስ ተደራርበው ሲመጡ ነው። ለስኳርና ለልብ በሽታ ያጋልጣል።

የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መስፈርት ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ «አለበት» አይባልም። ሆዱ ከወፈረና ቤተሰቡ ውስጥ ስኳር ወይም ግፊት ካለ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል።

«የሀብታም ልጅ ችግር ነው» እንዳንል! ራያ ቆቦ ላይ በተደረገ ጥናት፣ የ1977ቱ ረሃብ በእናታቸው ማህፀን ሳሉ ያገኛቸው ሰዎች አድገው ለዚህ ችግር ይበልጥ ተጋልጠው ተገኝተዋል።

ምን እናድርግ?
• ጥማትን በውሃ፤ ለስላሳ ለበዓል ይቆይ።
• ስልኩን እንቀበላቸውና በቀን 60 ደቂቃ ይሩጡ። ሙቀቱን ለመሸሽ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ።
• ጤና ጣቢያ ስንሄድ ክብደታቸውን፣ ወገባቸውንና ግፊታቸውን እናስለካ።