ከምንጩ መለየት

‹ሶርስ ሴፓሬሽን› የሚለው ቃል በከተማ ጽዳት ሥልጠናዎችና ሰነዶች ላይ እየተደጋገመ መጥቷል። በአማርኛ ‹ከምንጩ መለየት› ተብሏል፤ ቆሻሻን በወጣበት ቦታ፣ ከሌላው ጋር ሳይደባለቅ፣ በየዓይነቱ ማስቀመጥ ማለት ነው። ‹ምንጭ› ሲባል ውሃ ትዝ የሚለው አንባቢ ሊኖር ይችላል፤ ግን ቃሉ በዚህ አገባቡ እንግዳ አይደለም። ግብር ከምንጩ ይቀነሳል ስንል ገንዘቡ ሠራተኛው እጅ ሳይገባ ማለታችን ነው። የቆሻሻ ምንጩ ደግሞ ማድ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ቢሮው ነው።

‹መለየት› ብቻውን አይበቃም ነበር። አዲስ አበባ ረጲ፣ ሕዝቡ ‹ቆሼ› በሚለው ቦታ፣ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ከክምሩ ብረትና ፕላስቲክ እየለዩ እንጀራቸውን በልተዋል። ያም መለየት ነው፤ ከምንጩ ግን አይደለም። ሁሉም ተደባልቆ፣ ረጥቦ፣ ሸትቶ ካበቃ በኋላ የሚደረግ ነው። ምስር የሚለቀመው ድስት ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከተቀቀለ በኋላ ጠጠሩን የሚያገኘው ጥርስ ነው። ቆሻሻ ውስጥ ያለውን ምላጭና ስባሪ የሚያገኘው ደግሞ የሰው እጅ ነው።

የአንድን ቤት የአንድ ቀን ፌስታል ፈትቶ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሻገተ እንጀራ፣ የልጆች ደብተር ቅዳጅ፣ አንድ ሁለት ሃይላንድ፣ ያለቀ የሪሞት ባትሪ፣ ምላጭ። ለየብቻቸው ቢቀመጡ አብዛኞቹ ይጠቅማሉ። ወረቀቱ ደረቅ ከሆነ ተፈጭቶ እንደገና ወረቀት ወይም ካርቶን ይወጣዋል፤ አተላ ከነካው ግን የሚገዛው የለም። ልጣጩና አተላው ከደረቅ ቅጠል ጋር ተደርቦ፣ አየር እያገኘ ጥቂት ወራት ቢቆይ ለጓሮ ጎመን የሚሆን ብስባሽ ይሆናል፤ የጠርሙስ ስባሪና ባትሪ ከገባበት ግን ያንን አፈር ላይ መበተን ራሱ ጉዳት ነው። አንድ ላይ ታስሮ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የሰነበተ ነገር እርስ በርሱ ይበላሻል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ብቸኛ መንገድ ወደ ክምሩ ነው።

በአዲስ አበባ ከየቤቱ ከሚወጣው ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነው። ይህ አየር በማያገኝበት ክምር ውስጥ ሲቀበር ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ይቀጣጠላል፤ ምድርን በማሞቅም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ እጥፍ ይበረታል። ከክምሩ ሥር የሚያዠው ፍሳሽ ደግሞ ከባትሪው ያገኘውን መርዛማ ብረት ይዞ ወደ አፈርና ወደ ወንዝ ይወርዳል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ረጲ ላይ እንደተመረቀው ያለ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያም ቢሆን፣ እርጥብ ቆሻሻ ሲገባለት ከሚያገኘው ሙቀት የተወሰነው ውሃውን በማትነን ይባክናል።

ክምር ምን ሊያደርስ እንደሚችል መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አይተናል። ቆሼ ተንዶ አጠገቡ የነበሩ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ፤ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከምንጩ መለየት ያን አደጋ ያስቀር ነበር ብሎ መናገር አይቻልም። ነገር ግን ወደ ክምር የሚሄደውን ቆሻሻ ከግማሽ በላይ ሊቀንስ የሚችል ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም።

ልማዱም ጨርሶ አዲስ አይደለም። ቆራሌው በየሰፈሩ እየተጣራ ሲያልፍ ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ ጀሪካንና አሮጌ ጫማ የሚሸጥለት የማያጣው፣ እናቶቻችን እነዚህን ከጥራጊ ጋር ስለማይጥሉ ነው። በር ጥግ፣ ከአልጋ ሥር ያቆዩለታል። ከቆራሌው እጅ ብዙው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርስና እዚያ ተቀጥቅጦና ተበይዶ ሌላ ዕቃ ይሆናል። (በነገራችን ላይ ‹ሪሳይክሊንግ›ን ‹መልሶ መጠቀም› የሚሉት አሉ። የማርማላታ ብርጭቆ አጥቦ በርበሬ ማስቀመጥ መልሶ መጠቀም ነው፤ ብርጭቆውን አቅልጦ ሌላ መሥራት ግን ‹መልሶ ማምረት› ቢባል ይሻላል።) ቆራሌው የሚወስደው ዋጋ ያለውን ብቻ ነው። ከምንጩ መለየት ዋጋ የሌለውንና አደገኛውንም ይጨምራል።

ለመጀመር ሦስት ዕቃ ይበቃል፤ አንዱ ለሚበሰብሰው፣ አንዱ ለደረቁ ወረቀት፣ ካርቶን፣ ፕላስቲክና ቆርቆሮ፣ አንዱ ለቀሪው። ኮንዶሚኒየም ለሚኖርና ጓሮ ለሌለው ሰው የሚበሰብሰውን ለብቻ አስሮ መስጠቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

አደገኛው ግን ከሦስቱም ውጭ ነው፤ እኔ ከሁሉ በፊት እንዲለመድ የምመኘውም እሱ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ያለበት ቤት መርፌውን ሃይላንድ ውስጥ ቢከተው ስሱን ፕላስቲክ በስቶ ይወጣል። ባዶውን የበረኪና ጠርሙስ በደንብ አጥቦ እዚያ ማጠራቀም፣ ሳይሞላ ክዳኑን አጥብቆ መዝጋት፣ ከዚያም መድኃኒቱን ለሰጠው ጤና ጣቢያ ወይም ሐኪም ቤት ማስረከብ ይሻላል። የብርጭቆ ስባሪ በወፍራም ካርቶን ተጠቅልሎ ላዩ ላይ ‹ስባሪ› ተብሎ ይጻፍበት። ረጅሙ ነጭ አምፖል፣ ፍሎረሰንት የምንለው፣ ውስጡ ሜርኩሪ ስላለው መሰበር የለበትም። ያበጠ የስልክ ባትሪ ሲጨፈለቅ እሳት ይነሣበታል፤ ከወረቀትና ከፌስታል ጋር አይጣል። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሽንት ቤት አይደፋ። ፌስታልና ፕላስቲክ ግቢ ውስጥ ማቃጠልም መፍትሔ አይደለም፤ መርዛማውን ጭስ መጀመሪያ የሚተነፍሱት የቤቱ ልጆች ናቸው።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ የቤተሰብ ኃላፊ እንደገና ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚወገደው እንዲለይና ወደተዘጋጀለት መሰብሰቢያ እንዲያደርስ ደንግጎ ነበር። ስለዚህ ግዴታው የነዋሪው ብቻ አይደለም፤ መሰብሰቢያውን የሚያዘጋጅ አካልም አለበት። ሦስት ቦታ ለይቶ ያወጣው ቆሻሻ ደጁ ላይ አንድ ጋሪ ውስጥ ሲገለበጥ ያየ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት አይለይም፤ አይፈረድበትምም። በየቤቱ መለየትን የሚያስተምር ወረዳ አስቀድሞ ጋሪውንና መኪናውን መለየት አለበት።

ወረዳው እስኪደርስ ግን ከእርስዎ ቤት የሚጀመር ነገር አለ። ቆሻሻ የሚወስዱትን የማኅበሩን ልጆች ያነጋግሯቸው፤ የትኛውን ለብቻ ቢሰጧቸው ሸጠው እንደሚጠቀሙ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስባሪና ምላጭ ግን ሳይጠየቁ ይለዩ፣ ያሽጉ፣ ሲያስረክቡም ምን እንደሆነ በቃል ይንገሯቸው።