የጠጉር ሥር ታሪክ፦ ከቅንድብ ተከላ እስከ ሕዋስ መርፌ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ 190 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ፣ በጣርማበር ተራራ ሆድ ውስጥ በጣልያን ወረራ ዘመን የተቆፈረውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ከከተማይቱም ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የደጋው ጉምና ብርድ ከኋላው ቀርቶ የይፋት ቆላ ሙቀት፣ የማሾውና የሽንኩርቱ ማሳ ይቀበለዋል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት በዚህ መንገድ ዳር በደብረ ሲና በመሆኑ፣ መንገዱን የማውቀው በኪሎ ሜትሩ ብቻ ሳይሆን በሕዝቡ የራስ ጠጉር ጭምር ነው። በደጋው ቅቤ የጠገበ ሹሩባ ከነጠላ ሥር ብቅ ብሎ ይታያል፤ በቆላው ገበያ ደግሞ የአፋር ጎልማሳ በቅቤ ተለውሶ የተጠቀለለ ጠጉሩን እንደ ጌጥ ተሸክሞ ይመላለሳል።

በአገራችን የራስ ጠጉር ከጥንት ጀምሮ ያለ ጽሕፈት የሚነበብ መታወቂያ ነበር። ቁንጮና ጋሜ የሕፃንነት፣ ሳዱላ የልጃገረድነት፣ ሙሉ ሹሩባ የባለትዳርነት ምልክት ሲሆን፣ ጎፈሬ የዘማች ግርማ፣ የተላጨ ራስ ደግሞ የሐዘን መግለጫ ነበር። ስለዚህ ጠጉሩ ያለ ፈቃዱ የረገፈበት ሰው የሚያጣው መልኩን ብቻ ሳይሆን በሰው ፊት የሚቆምበትን ቦታ ጭምር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የማኅበራችን መጽሔት ዝግጅት ክፍል ለዚህ ዓመት እትም ከሙያችን ጥቂት ወጣ ያለ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ሰሞን ታናሽ እኅቴ ከደብረ ሲና ስልክ ደወለችልኝ። ለብዙ ዓመታት ጠጉሯን አጥብቃ ከመሠራቷ የተነሣ በግንባሯ ዳርና በጆሮዋ ግራና ቀኝ ያለው ረግፎ ቆዳው ለስልሶ ቀርቷል። በውጭ አገር ያለ አንድ የሕክምና ድርጅት «የሕዋስ መርፌ» በሚል ስም ጠጉር ያበቅላል መባሉን ሰምታ፣ ሱቅ ለመክፈት ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለዚሁ ልታውለው አስባ ነበር። «ጋሼ፣ አንተ የተማርህ ነህና ቁርጡን ንገረኝ፤ እውነት ነው ወይስ ማታለያ?» አለችኝ። እኔ የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁምና ወዲያው የምሰጣት መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለእርሷ መልስ ስፈልግ ያነበብሁት ነገር ፍሬ ነው። የተጠቀሱት ዘመኖች ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

ነገሩን ለመረዳት በቅድሚያ ጠጉር እንዴት እንደሚበቅል ማወቅ ያስፈልጋል። በሰው ራስ ላይ 100,000 ያህል የጠጉር ከረጢቶች አሉ፤ ሊቃውንቱ ፎሊክል ይሏቸዋል። በእያንዳንዱ ከረጢት ግርጌ ደርማል ፓፒላ የተባለ፣ የጥቂት ሕዋሳት ስብስብ የሆነ እንቡጥ ይገኛል። ጠጉሩን የሚሠሩት በዙሪያው ያሉት ሌሎች ሕዋሳት ሲሆኑ፣ እንቡጡ ግን መቼ መጀመር፣ መቼም ማቆም እንደሚገባቸው ምልክት እየሰጠ እንደ ሥራ ተቆጣጣሪ ይመራቸዋል። አንድ ጠጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፤ ከዚያም 3 ወር ያህል ዐርፎ ይረግፋል፤ ከረጢቱም ሥራውን እንደ ገና ይጀምራል። በዘር በሚወርደው ራሰ በራነት ከረጢቱ ከዙር ወደ ዙር እየጠበበ ይሄዳል እንጂ ወዲያው አይጠፋም። በእኅቴ ላይ እንደ ደረሰው ባለ፣ ለረጅም ጊዜ በመጎተት በሚመጣው መርገፍ ግን በመጨረሻ ከረጢቱ ራሱ ጠባሳ ይሆናል። ይህ ልዩነት ወደፊት ለምንመለከተው ሁሉ አስፈላጊ ነው።

የጠጉር ሕክምና ታሪክ ብዙዎች እንደሚያስቡት ከባለጸጎች ቅንጦት ብቻ የተነሣ አይደለም። ከምንጮቹ አንዱ የሥጋ ደዌ ነው። ይህ በሽታ ከሚያደርሳቸው ጉዳቶች አንዱ የቅንድብ መርገፍ ሲሆን፣ ሕመምተኛው ከተፈወሰ በኋላም ቅንድብ አልባው ፊቱ በገበያና በሠርግ ቤት ያጋልጠው ነበር። በ1939 ኦኩዳ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም በቃጠሎና በጠባሳ ጠጉር ላጡ ሰዎች፣ ከራሳቸው ላይ ጥቃቅን ክብ ቆዳ ከነጠጉሩ እየነቀለ በጎደለው ቦታ ስለ መትከል ጻፈ። ዓለም አቀፉ ጦርነት ተከትሎ በመምጣቱ ግን ጽሑፉ ለብዙ ጊዜ ከጃፓን ውጭ ሳይታወቅ ቆየ። በ1953 ፉጂታ የተባለ ሌላ ጃፓናዊ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ቅንድብ መልሶ ስለ መሥራት ጽሑፍ አወጣ። በሕንድ አገር በቬሎር የሠሩት እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድም የሕሙማኑን እጅ ከማቅናት ጋር ቅንድባቸውን ይተኩላቸው ነበር።

ይህ ታሪክ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር በ1965፣ ማለትም በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና የተሐድሶ ሥልጠና እንዲሰጥ የታሰበ ማዕከል ሲሆን፣ ዛሬም በአገራችን ከታወቁት የቆዳ ሕክምና ሥፍራዎች አንዱ ነው። የሥጋ ደዌን ነገር ማንሣቴ፣ ስለ ጠጉር መጨነቅ ከንቱ ነገር ነው ለሚል ወገን መልስ ይሆናል በማለት ነው። ቅንድቡ የተመለሰለት ሰው የተመለሰለት ጠጉር ብቻ አልነበረምና።

በ1959 ኖርማን ኦረንትራይክ የተባለ የኒው ዮርክ የቆዳ ሐኪም መሠረታዊ የሆነ ነገር አስታወቀ። ይኸውም ከማጅራት በላይ የሚበቅለው ጠጉር ወደ ግንባር ቢዛወር የበቀለበትን ሥፍራ ጠባይ ይዞ ይኖራል እንጂ እንደ ግንባር ጠጉር አይረግፍም የሚል ነው። ዛሬ ከልዩ ልዩ አገር ሰዎች ወደ ኢስታንቡል የሚጎርፉለት የጠጉር ተከላ የቆመው በዚሁ ግኝት ላይ ነው። ይሁን እንጂ ተከላ ጠጉርን ያዛውራል እንጂ አያበዛም። መንገድ የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከአንዱ ቦታ አፈር ቆርጦ ሌላውን መሙላት የሚቻለው የሚቆረጥ አፈር እስካለ ድረስ ነው።

መድኃኒቶቹም ወሰን አላቸው። ሚኖክሲዲል የደም ግፊት መድኃኒት ሆኖ ሲሞከር በሚውጡት ሰዎች ላይ ጠጉር ማብቀሉ ሳይታሰብ የታየ ሲሆን፣ ኪኒኑ በ1979፣ ራስ የሚቀባው ፈሳሽ ደግሞ በ1988 በአሜሪካ ተፈቀደ። ፊናስተራይድ የተባለው ኪኒንም በ1997 ለወንዶች ራሰ በራነት ተፈቀደ። ሁለቱም የጠበበውን ከረጢት ይደግፋሉ እንጂ የጠፋውን አይመልሱም፤ መውሰዱ ሲቋረጥም ጥቅማቸው አብሮ ይቋረጣል።

የሕዋስ ሕክምና ተስፋ የተወለደው ከዚህ ጉድለት ነው። በ1960ዎቹ ሮይ ኦሊቨር የተባሉ በብሪታንያ የሚሠሩ ተመራማሪ የአይጥን የጢም ሥር እየቆረጡ ያጠኑ ነበር። እንቡጡ ከነግርጌው ተቆርጦ ሲወጣ የጢሙ እድገት ይቆማል፤ በዚያው በተቆረጠው ከረጢት ውስጥ ሌላ እንቡጥ ሲተከል ግን ጢሙ እንደ ገና ያድጋል። በ1984 ኮሊን ጃሆዳና ባልደረቦቻቸው ከኦሊቨር ጋር ሆነው በኔቸር መጽሔት ያወጡት ውጤት ከዚህ ይልቅ አስደናቂ ሆነ። የእንቡጡ ሕዋሳት በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ተባዝተው ቢተከሉ ጠጉር ሊያስበቅሉ እንደሚችሉ በአይጥ ላይ አሳዩ። በ1999 ደግሞ ከአንድ ወንድ ተመራማሪ ራስ፣ ከጠጉር ሥር ዙሪያ የተወሰዱ ሕዋሳት በአንዲት ሴት ተመራማሪ ክንድ ውስጥ ተተክለው ጠጉር አበቀሉ፤ ሰውነቷም እንደ ባዕድ ቆጥሮ አላስወጣቸውም።

ከዚህ በኋላ የተስፋው ስሌት ቀላል መሰለ። ከሰውየው ጥቂት ጠጉር መውሰድ፣ ሕዋሳቱን እንደ ምርጥ ዘር ማባዛት፣ ከዚያም በመርፌ በራሱ ላይ መዝራት ነው። በ2000ዎቹ በእንግሊዝ አገር ኢንተርሳይቴክስ የተባለ ኩባንያ፣ በአሜሪካ ደግሞ የጃፓኑ አዴራንስ ያቋቋመው የምርምር ድርጅት በሰው ላይ ሙከራ ጀመሩ። መድኃኒቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለገበያ ይደርሳል የሚል ወሬ በየጋዜጣው ተደጋገመ። ይሁንና ሁለቱም ጠጉር የሚያበቅል ምርት ለገበያ ሳያደርሱ ቀሩ፤ የአዴራንስ የምርምር ድርጅት በ2013 ሥራውን ዘጋ።

የችግሩ ምክንያት ለመሐንዲስ የሚገባ ነው። ሕዋሳቱ በጠፍጣፋ ሳህን ላይ ተዘርግተው ሲባዙ፣ ቁጥራቸው ቢጨምርም ጠጉር የማስበቀል ችሎታቸውን ያጣሉ። ከድልድይ ቅስት ላይ የተነሣ ድንጋይ ለብቻው ሲቀመጥ ድንጋይነቱን ባያጣም ቅስት መሸከሙ ይቀራል። እንደዚሁም የእንቡጡ ሕዋስ ችሎታ የሚመነጨው ከጎረቤቶቹ ጋር ተደጋግፎ ከመቆሙ ነው። በ2013 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ክሌር ሂጊንስና አንጀላ ክሪስቲያኖ ከጃሆዳ ጋር ሆነው ይህንኑ ተከተሉ። ሕዋሳቱን በተንጠለጠለ ጠብታ ውስጥ እንደ ጥቃቅን ኳስ እንዲሰባሰቡ አድርገው፣ በአይጥ ላይ በተለጠፈ የሰው ቆዳ ውስጥ ተከሏቸው። ከ7 ሰዎች ከተወሰዱት ሕዋሳት የ5ቱ አዲስ ጠጉር አበቀሉ፤ ጠጉሩም ቢያንስ 6 ሳምንት ቆየ።

ስድስት ሳምንት ለሳይንስ ታላቅ ዜና ነው፤ ለታማሚ ግን ጥቂት ነው። እኛ የኮንክሪት ናሙና 28 ቀን ሳይሞላው ጥንካሬውን አንመሰክርም። ዙሩ እስከ 6 ዓመት የሚደርስ ጠጉርም በሳምንታት ሊመሰከርለት አይችልም፤ አንድ ጊዜ ረግፎ እንደ ገና መብቀሉ መታየት አለበት።

በሰው ላይ ከተደረጉት ሙከራዎች በጥንቃቄው የሚጠቀሰው በጃፓን የተካሄደው ነው። ሺሴዶ ከቶኪዮ ሕክምና ዩኒቨርሲቲና ከቶሆ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ ከጠጉር ሥር ዙሪያ የተወሰዱ የራስ ሕዋሳትን በ65 ወንዶችና ሴቶች ላይ ሞከረ። በእያንዳንዱ ሰው ራስ ላይ በአራት ልዩ ልዩ ቦታ ሦስት ዓይነት መጠን ያላቸው ሕዋሳትና አንድ ሕዋስ የሌለበት መርፌ ተወጋ። በ2020 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ሕዋስ ከሌለበት መርፌ ይልቅ ጠጉር የጨመረው አነስተኛው መጠን በተወጋበት ቦታ ሲሆን፣ ይህም በ6ኛውና በ9ኛው ወር ተለክቷል። ጭማሪው ግን መጠነኛ ነበር፤ ሕዋስ በበዛ ቁጥር ጠጉር ይበዛል የሚለው ግምትም አልሠራም። ልብ ሊባል የሚገባው ደግሞ ሙከራው የተደረገው ከረጢታቸው ጠበበ እንጂ ባልጠፋባቸው ሰዎች ላይ መሆኑ ነው።

በዚያው ዓመት ካርል ከለርና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ፣ ማንኛውንም አካል ሊሆን ከሚችል ሕዋስ ተነሥተው በአራትና በአምስት ወር ውስጥ ጠጉር ያለው የሰው ቆዳ በላቦራቶሪ ማብቀላቸውን በኔቸር ጻፉ። ጠባሳን በአዲስ ቆዳ ለመተካት ለሚያስብ ሰው ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ተስፋ ነው፤ ሆኖም ገና የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ስለ ላሽ ግን የተሻለ ዜና አለ። የከባድ ላሽ ሕመምተኞች ከረጢታቸው ስላልጠፋ፣ ሰውነት በራሱ ጠጉር ላይ የሚያደርገውን ዘመቻ የሚያበርደው ባሪሲቲኒብ የተባለ ኪኒን በ2022 በአሜሪካ ተፈቅዶላቸዋል። እውነተኛው መፍትሔ ሁሉ ዓይን በተተከለበት በር አይገባም ማለት ነው።

እንግዲህ የእኅቴን ጥያቄ ባነበብሁት ስመዝነው ሦስት ነገር ጎድሎ አገኘሁት። አንደኛው ዘላቂነት ሲሆን፣ የተዘራው ጠጉር ከዙር ወደ ዙር መቀጠሉ አልተረጋገጠም። ሁለተኛው ስፋት ነው፤ በክንድ ላይ ጥቂት ጠጉር ማብቀልና በግንባር ላይ በሺህ የሚቆጠር፣ አቅጣጫውን የጠበቀ ጠጉር ማብቀል የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሦስተኛው ደኅንነት ነው። ከሰውነት ውጭ የተባዛ ሕዋስ ከተመለሰ በኋላ ያለ ልክ እንዳያድግ ለዓመታት መከታተል ያሻል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለጠጉር መርገፍ የፈቀደው የሕዋስ ሕክምና የለም፤ ያልተፈቀደ የሕዋስ መርፌ ከሚሸጡ ክሊኒኮችም ሕዝቡ እንዲጠነቀቅ ደጋግሞ አሳስቧል። በሙከራ ጥናት ውስጥ የሚገባ ሰው ምን እንደሚደረግለት በጽሑፍ ተገልጾለት በፈቃዱ ይገባል፤ ውጤቱም መልካምም ሆነ ክፉ ሊታተም ይገባል። ዋጋ አስከፍሎ ውጤቱን የማያሳትም ድርጅት ግን ሙከራ አያካሂድም፤ ይሸጣል እንጂ።

ይህንኑ ለእኅቴ ደብረ ሲና ሄጄ በቃሌ ነገርኋት። ሳይንሱ ማታለያ አለመሆኑን፣ ሊሸጥላት የታሰበው መርፌ ግን ሳይንሱ ከደረሰበት ቀድሞ የሮጠ መሆኑን፣ የእርሷም ጉዳት ከጠባሳ ወገን ስለሆነ ከላይ ከተጠቀሰው የጃፓን ሙከራ እንኳ ውጭ መሆኑን አስረዳኋት። በቅድሚያ የቆዳ ሐኪም እንድታይና ገና ያልጠፋው ከረጢት ካለ እንዲታወቅላት መከርኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ የእኔ ዘመን አለፈ ማለትህ ነው?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ ከመጻሕፍቱ ያገኘሁት መልስ አልነበረም፤ አላውቅም አልኋት።

ያን ዕለት ማታ እናታችን እንደ ልማዷ የእኅቴን የ6 ዓመት ልጅ ጠጉር ልትሠራ በጉልበቷ መካከል አስቀመጠቻት። ልጅቱ ሥሩ ሲጎተት ዓይኗን ጨፍና ትታገሣለች። እኅቴ ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ «እማዬ፣ አታጥብቂባት፤ ላላ አድርገሽ ሥሪያት» አለቻት። እናታችንም ቅር እያላት ጥቂት አላላችው። ገንዘቡ ለሱቁ ሥራ ዋለ፤ ሱቁም ከአውራ ጎዳናው ዳር ተከፍቷል።