በኦክስጅን ሲሊንደር ጥርስና ማሸጊያ ላይ የሚፈቀድ እና የማይፈቀድ ቅባት

በጤና ተቋማት፣ በአምቡላንሶችና በአንዳንድ መኖሪያ ቤቶች የሚገኙ የሕክምና ኦክስጅን ሲሊንደሮች ረዘም ላለ ጊዜ ሲያገለግሉ የመገጣጠሚያቸው ጥርስ ለመዞር ሊያስቸግር፣ ማሸጊያ ጎማቸውም ጋዝ ሊያሾልክ ይችላል። በሌሎች መሣሪያዎች ላይ እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም ጥቂት ዘይት ወይም ግራሶ መቀባት የተለመደ ነው። በኦክስጅን ሲሊንደር ላይ ግን ይኸው ልማድ እሳት አስነሥቶ ታካሚውንና ባለሙያውን ለከባድ ቃጠሎ፣ አልፎም ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

ቅባት በኦክስጅን ውስጥ ለምን ይቀጣጠላል?

እሳት እንዲነሣ ተቀጣጣይ ነገር፣ ኦክስጅንና ሙቀት በአንድነት መገኘት አለባቸው። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ በሲሊንደር የሚቀርበው የሕክምና ኦክስጅን ግን መጠኑ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። የመኪና ጎማ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ባር በሚደርስ ግፊት ይሞላል፤ አዲስ የተሞላ የኦክስጅን ሲሊንደር ግፊት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ130 እስከ 200 ባር ነው። በዚህ ሁኔታ፣ በተራ አየር ውስጥ በቀላሉ የማይነድ ቅባት እንኳ በፍጥነትና በኃይል ይነዳል።

ሙቀቱም የግድ ከውጭ መምጣት የለበትም። ቫልቩ በድንገት ሲከፈት ጋዙ ወደ ጠባቡ የሬጉሌተር ክፍል ገብቶ ይታመቃል፤ በፍጥነት የታመቀ ጋዝ ደግሞ ይግላል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ ሲሞላ ፓምፑ የሚሞቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ከ1 ባር ወደ 150 ባር በቅጽበት የታመቀ ኦክስጅን፣ ሙቀቱ ወደ አካባቢው የሚወጣበት ጊዜ ካላገኘ፣ በስሌት ከ900 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊደርስ ይችላል። በጥርሱ ላይ የቀረ የዘይት ጠብታ በዚህ ሙቀት ከተቀጣጠለ እሳቱ ወደ ማሸጊያው ጎማ፣ ከዚያም ወደ ብረቱ ሊዛመት ይችላል።

ፈጽሞ የማይፈቀዱ ቅባቶች

• የሞተርና የስፌት መኪና ዘይት፣ ማንኛውም ተራ ግራሶ እንዲሁም የዝገት ማስለቀቂያ ርጭት፤
• ቫዝሊን፣ የምግብ ዘይት፣ ቅቤ እና የእጅ ወይም የፀጉር ቅባት፤
• ለተጨመቀ አየር መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ ለአየር ጠመንጃ ወይም ለጠላቂዎች ሲሊንደር፣ የሚሸጥ የሲሊኮን ግራሶ። ለአየር የሚስማማ ቅባት ለንጹሕ ኦክስጅን ይስማማል ማለት አይደለም።

የሚፈቀደው ቅባት

በተለመደው የዕለት ተዕለት አጠቃቀም ሲሊንደሩን ከሬጉሌተር ጋር ለማገናኘት ምንም ዓይነት ቅባት አያስፈልግም። በጥገና ወቅት አምራቹ ቅባት እንዲደረግ ካዘዘ፣ ለኦክስጅን አገልግሎት ተብሎ የተዘጋጀ፣ በፍሎሪን ላይ የተመሠረተ ግራሶ ብቻ በሥልጠና ብቁ በሆነ የባዮሜዲካል ባለሙያ ይደረጋል። ይህ ግራሶ ከኦክስጅን ጋር በቀላሉ ስለማይዋሐድ የመቀጣጠል ዕድሉ እጅግ ዝቅተኛ ነው። ባለሙያው በመያዣው ላይ ለኦክስጅን የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጸውን ጽሑፍ፣ የግፊትና የሙቀት ወሰኑን ማረጋገጥ፣ ቅባቱንም በስሱ ብቻ መቀባት ይኖርበታል።

ጥርሱ ሲያስቸግር ወይም ጋዝ ሲያሾልክ

1. ቫልቩን ይዝጉ፤ ሬጉሌተሩ ውስጥ የቀረውን ግፊት ያስወጡ፤ ከዚያም ይፍቱት። ግፊት ያለበትን መገጣጠሚያ ማጥበቅም ሆነ መፍታት አይገባም።
2. ማሸጊያውን ይመልከቱ። የተሰነጠቀ፣ የተጨፈለቀ ወይም የደረቀ ከሆነ አምራቹ ባዘዘው ዓይነት አንድ አዲስ ማሸጊያ ይተኩ። ሁለት ማሸጊያ መደራረብ ወይም ከሌላ ጎማ ቆርጦ መሥራት የተከለከለ ነው።
3. በማሸጊያ በሚዘጋ መገጣጠሚያ ላይ ቴፍሎን አይጠምጥሙ፤ ቁራጩ ተበጥሶ ወደ ሬጉሌተሩ ሊገባ ይችላል።
4. ጥርሱ የተበላ ወይም የተጣመመ ከሆነ በኃይል ለማዞር አይሞክሩ፤ ምልክት አድርገውበት ከአገልግሎት ያስወጡት።
5. ሬጉሌተሩን መልሰው ሲገጥሙ እጅዎ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። በአልኮል ከተጸዳም አልኮሉ እስኪተን ይጠብቁ። ከዚያም ከጋዙ መውጫ ፊት ለፊት ሳይቆሙ ቫልቩን በዝግታ ይክፈቱ።

ሲሊንደሩን ቅባት ከነካው

በቫልቩ ወይም በሬጉሌተሩ ላይ ዘይት ካዩ ቫልቩን አይክፈቱ። በቤንዚን፣ በነጭ ጋዝ ወይም በዘይት በተነከረ ጨርቅ ለማጽዳት አይሞክሩ፤ ይህ አደጋውን ያባብሰዋል። ሲሊንደሩን ከእሳትና ከሙቀት አርቀው፣ «ቅባት ነክቶታል፤ አይጠቀሙበት» የሚል ጽሑፍ ለጥፈውበት፣ ለተቋሙ የባዮሜዲካል ክፍል ወይም ለአቅራቢው ያስረክቡ። ታካሚው ኦክስጅን ሳይቋረጥበት እንዲቆይም ተጠባባቂ ሲሊንደር ምንጊዜም በቅርብ ሊኖር ይገባል።

ቤት ውስጥ ኦክስጅን የሚወስዱ ታካሚዎችም ከንፈራቸው ወይም አፍንጫቸው ሲደርቅ ቫዝሊን ከመቀባት ተቆጥበው፣ በውኃ ላይ የተመሠረተ ማለስለሻ እንዲያዝላቸው የጤና ባለሙያቸውን እንዲያማክሩ ይመከራል።