የሎቦ መቀመጫ

በሚያዝያ ወር ወደ ጢስ ዓባይ የሚወርድ መንገደኛ ጆሮውን አስቀድሞ ያዘጋጃል። እኔም ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ፣ በሱስንዮስ ዘመን በድንጋይና በኖራ እንደ ታነጸ በሚነገርለት አሮጌ ድልድይ ላይ ቆሜ አዳመጥሁ። የሰማሁት የአንድ እረኛ ፉጨት ነበር። ዳገቱን ጨርሼ ፊት ለፊት ስደርስ፣ በቀድሞው የአንድ ብር ኖት ጀርባ የማውቀው ፏፏቴ ከጥቁሩ ገደል ላይ እንደ ፈትል ቀጥኖ ወረደ።

ይህ ገደል የቆየ ሙግት አለበት። በ17ኛው ምዕተ ዓመት ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ጀሮኒሞ ሎቦ፣ ከሚወርደው ውኃ በስተ ጀርባ ከዓለቱ ሥር ተቀምጦ ቀስተ ደመና እንዳየ ጽፏል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን እ.ኤ.አ. በ1770 ደርሶ ዝናብ ያበዛውን ወንዝ አንድ ወጥ ሆኖ ሲወርድ አየና፣ ከዚያ ሥር ማንም ሊቀመጥ አይችልም ሲል ካህኑን በሐሰት ከሰሰው። (ብሩስ ኢየሱሳውያንን ማመን አይሆንለትም፤ የዓባይን ምንጭ ፔድሮ ፓኤዝ ቀድሞት አይቷል መባሉንም አልተቀበለም።) እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱን ያለያያቸው እውነት ሳይሆን ወራት ነው።

ዛሬ ግን ወንዙን የሚያሳንሰው በጋ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ብቻ የሚያመነጭ ስለ ነበር የሚወስደው ውኃ ጥቂት ነበር። በ1996 ከጣና መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ። በ2001 የተጨመረው ሁለተኛው ማመንጫ ደግሞ 73 ሜጋ ዋት ነው፤ ቦዩ ወንዙን ከፏፏቴው በላይ ተቀብሎ ከፏፏቴው በታች ይመልሰዋል። ውኃው አይጠፋም፤ ገደሉን ብቻ ያልፈዋል። በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ ማመንጫ ግን ከሐይቁ ምዕራብ በዋሻ የሚወስደውን ውኃ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል፤ ያ ውኃ ዓባይን የሚያገኘው እጅግ ርቆ፣ ከቆላው ነው። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባል ነበር። አሁን መዞሪያውም ተመድቦለታል።

መብራቱን አልነቅፍም፤ ይህንንም የምጽፈው በእርሱ ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን ነጠላና የቅል ዕቃ ዘርግተው የተቀመጡት የመንደሩ ሴቶች ከእኔ በቀር ገዢ አላዩም።

መንገድ መሪዬ፣ ገና ጢሙ ያላቀመቀመ ልጅ፣ በድንጋዮቹ መካከል አውርዶ ከፏፏቴው ሥር አደረሰኝ። ከዓለቱ ጥላ ገብቼ ተቀመጥሁ። ልብሴ እምብዛም አልራሰም። ቀስተ ደመናውን ፈለግሁ፤ አልነበረም።

«ጋሼ፣» አለኝ ልጁ፣ «በነሐሴ ቢመጡ ኖሮ እንኳን ሊቀመጡ፣ እዚህ አይደርሱም ነበር።»