ልጅ ይዞ ሽርሽር በአሜሪካ መንገዶች

ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር በየቤታችን የሚነሣ ክርክር አለ። ልጆቹ የክፍል ጓደኞቻቸው ወደ ባሕር ዳርቻ ወይም ወደ ተራራ መሄዳቸውን ሰምተው ይመጡና «እኛስ የት ነው የምንሄደው?» ይላሉ። አባትና እናት ይተያያሉ። «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ለእኛ ዕረፍት ማለት አገር ቤት መሄድ ነው፤ እሱም ቢሆን ገንዘብ ሲጠራቀም፣ በአራትና በአምስት ዓመት አንዴ። በተለይ ታክሲ ለምንነዳና በሰዓት ለሚከፈለን ሰዎች ሽርሽር ሁለት ጊዜ ነው የሚያስከፍለን፤ አንድም የምናወጣው አለ፣ አንድም ሥራ ፈትተን የሚቀርብን። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አሠሪን የሚከፈልበት የዓመት ዕረፍት ስጥ ብሎ አያስገድድም። አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን በዚህ በኩል ታድለዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት በ1993 ባወጣው መመሪያ ሠራተኛ ሁሉ በዓመት ቢያንስ አራት ሳምንት እየተከፈለው ያርፋል።

የገንዘቡን ነገር ማንም አይክደውም። «የፈረንጅ ነገር» የሚለውን አባባል ግን ለመቀበል ይቸግረኛል። አገር ቤት ታሪክ አስተምር በነበረበት ጊዜ ስለ አብርሃም ሊንከንና ስለ እርስ በርሱ ጦርነት ብዙ ብለናል፤ ስለ መንገድ ዳር ሞቴል ያነሣ መምህር ግን አላውቅም። ነገር ግን በዚህ አገር ሕፃን ልጅን መኪና ላይ አሳፍሮ፣ በራበው ጊዜ አብልቶ፣ ሽንቱ በመጣ ጊዜ ቆሞ፣ ሲመሽ አልጋ ይዞ ማደር የማን መብት ነው የሚለው ጥያቄ እስከ 1964 ድረስ ሰው የታሰረበትና ፍርድ ቤት የቆመበት ጉዳይ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከአንድ የነጭ ቤተሰብ ጉዞ ልጀምር። በ1951 ኬመንስ ዊልሰን የሚባል የሜምፊስ ቤት ሠሪ ነጋዴ ሚስቱንና አምስት ልጆቹን አሳፍሮ ዋሽንግተንን ለማየት ይነሣል። በየመንገዱ ያደሩባቸው ሞቴሎች ከአልጋው ኪራይ ሌላ በእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ዶላር ጨምረው ጠየቁት። ልጆቹ የሚተኙት እዚያው ወላጆቻቸው ክፍል ነው፤ አምስት ልጅ ግን በአዳር አሥር ዶላር ማለት ነው። ዊልሰን ተናደደ። በዓመቱ፣ በ1952፣ እዚያው ሜምፊስ የራሱን ሞቴል ከፈተ፤ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር በነፃ የሚያድሩበት፣ መዋኛ ገንዳና ቴሌቪዥን ያለው። ስሙንም ከ1942 ፊልም ወስዶ «ሆሊደይ ኢን» አለው። ዛሬ በየሞቴሉ ልጅ በነፃ ያድራል የሚባለውን ነገር የአገሩ ልማድ ያደረገው በአብዛኛው የዚህ ሰው ንዴት ነው። በ1956 ደግሞ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር 41,000 ማይል የሚሆን አውራ ጎዳና እንዲሠራ የሚያዘውን ሕግ ፈረሙ። መኪና፣ መንገድና አልጋ ተሟሉ።

እንግዲህ በዚያው በ1951፣ ከዚያው ከሜምፊስ የሚነሣ ሌላ ቤተሰብ እናስብ። ባልየው መምህር ወይም ፖስተኛ ነው እንበል፤ መኪና ገዝቷል፤ የሁለትና የአራት ዓመት ልጆች አሉት። ሁለት ዶላር አላጣም። ጥቁር ነው።

ይህ ቤተሰብ መንገድ የሚወጣው እንደ ዘማች ነው። እናት ዋዜማውን ዶሮ ስትጠብስ፣ እንቁላል ስትቀቅል፣ ዳቦ ስትጠቀልል ታመሻለች፤ ውኃውና በረዶው በሳጥን ይያዛል። ትራስና ብርድ ልብስ ከኋላ ይጫናል፤ አልጋ እንደማይገኝ ይታወቃልና። ትርፍ ቤንዚን በጀሪካን። ለሕፃናቱ ደግሞ ባዶ የቡና ቆርቆሮ፣ በእኛ ቋንቋ ፖፖ መሆኑ ነው። ማደያው ቤንዚኑን ይሸጥላቸዋል፤ ገንዘባቸውን አይጠየፍም። የሽንት ቤቱ በር ላይ ግን «ለነጮች ብቻ» ተብሎ ተጽፏል። ልጅ ያሳደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል፤ የሦስት ዓመት ልጅን «እስከሚቀጥለው ከተማ ያዘው» ማለት አይቻልም። በሚቀጥለው ከተማም ቢሆን ያው ነው፤ ጥቁር ሰው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንዳይገኝ የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ የተተከለባቸው ከተሞችም ነበሩ፤ እነዚያን በስማቸው አውቆ ማለፍ ያስፈልግ ነበር።

ስንቅ የሚለው ቃል ለእኛ የእናት እጅ ነው፤ ዳቦ ቆሎው፣ ጭኮው፣ በሶው። እዚህም የእናት እጅ አለበት፤ ዶሮው የተጠበሰው ግን ልጆቹ በምግብ ቤት በር ላይ ሲመለሱ እንዳያዩ ነው። ብዙዎቹ አባቶች በሌሊት መንዳት ይመርጡ ነበር፤ ልጅ ተኝቶ ካለፈ አይጠይቅም። በዚያ ዘመን ያደጉ ሰዎች በኋላ ሲያወሩ፣ አባታቸውን ለረጅም ዓመታት መቆም የማይወድ፣ ችኩል ሰው አድርገው ይቆጥሩት እንደነበር ይናገራሉ። ምክንያቱን የተረዱት ካደጉ በኋላ ነው።

ማርቲን ሉተር ኪንግ በሚያዝያ 1963 በርሚንግሃም እስር ቤት ሆነው «ታገሡ፣ ጊዜው ገና ነው» ላሏቸው ቀሳውስት መልስ ሲጽፉ ይህንኑ አንሥተዋል። ሞቴል ሁሉ እምቢ እያለ ሌሊት መኪና ውስጥ ተጨማዶ ማደርን ጽፈዋል። የስድስት ዓመት ልጃቸው ስለ አንድ የመዝናኛ ቦታ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ አይታ ለምን እንደማይወስዷት ስትጠይቃቸው ምላሳቸው መተሳሰሩንም ጽፈዋል። ስለ ሕግና ስለ ፍትሕ በተጻፈ በዚያ ታላቅ ደብዳቤ ውስጥ የልጅ የሽርሽር ጥያቄ መግባቱን ልብ በሉልኝ።

ለመንገደኞቹ መላ ያበጀላቸው አንድ የሐርለም ፖስተኛ ነው። ቪክተር ሁጎ ግሪን ይባላል። በ1936 ጥቁር መንገደኛ የሚስተናገድባቸውን ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶች፣ ጋራዦችና ፀጉር ቤቶች በአድራሻ የዘረዘረ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። መጀመሪያ የኒውዮርክን አካባቢ ብቻ የሚመለከት ነበር፤ ቀጥሎ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። መረጃ በማሰባሰብ የሥራ ባልደረቦቹ ፖስተኞች ረዱት፤ የትኛው በር እንደሚከፈት ከፖስተኛ በላይ ማን ያውቃል? ሆቴል በሌለበት ከተማ ደግሞ እንግዳ ተቀብለው የሚያሳድሩ የግል ቤቶች ተዘርዝረዋል፤ እንዲህ ያለውን ቤት በስምና በአድራሻ አግኝቶ ልጆቹን ያሳደረ አባት ስንት ነው። ኤሶ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ መጽሐፉን በማደያዎቹ ይሸጥ ነበር። ግሪን በመግቢያው ላይ ይህ መጽሐፍ የማያስፈልግበት ቀን እንደሚመጣ፣ ያኔም ማሳተሙን በደስታ እንደሚያቆም ጽፎ ነበር። በ1960 ሞተ፤ ቀኑን አላየውም።

በር የተዘጋባቸው ሁሉ ግን መጽሐፍ ይዘው ሌላ በር ሲፈልጉ አልኖሩም። ዋሽንግተንና ሜሪላንድ ያለን ሰዎች ልናውቀው የሚገባ ቦታ አለ፤ ከአናፖሊስ ወጣ ብሎ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች ሃይላንድ ቢች የምትባል ትንሽ ከተማ። የታላቁ የፀረ ባርነት ታጋይ የፍሬድሪክ ዳግላስ ልጅ ቻርልስ ዳግላስ ከሚስቱ ከሎራ ጋር በአቅራቢያው ወዳለ የመዝናኛ ሥፍራ ምግብ ቤት ቢሄድ ጥቁር አናስተናግድም ብለው መለሱት። በ1893 አጠገቡ ያለውን ወደ 40 ኤከር የሚሆን የባሕር ዳር መሬት ገዛና እየሸነሸነ ለወዳጅ ዘመድ ሸጠ፤ የዋሽንግተን ጥቁር መምህራን፣ ሐኪሞችና ጸሐፊዎች ልጆቻቸውን በበጋ የሚያዋኙበት መንደር ሆነ። በ1922 በሜሪላንድ ራሷን የምታስተዳድር የመጀመሪያዋ የጥቁሮች ከተማ ሆነች። ለአባትየውም ቤት ተሠራ፤ ከሰገነቱ ላይ ሆነው ባሕሩን አሻግረው በባርነት የተወለዱበትን የምሥራቁን ዳርቻ እንዲያዩ ታስቦ ነበር። ሽማግሌው ግን ቤቱ ሳያልቅ በየካቲት 1895 አረፉ። ቤቱ ዛሬ ቤተ መዘክር ነው።

ሌላው ቅርብ ቦታ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው ግሌን ኤኮ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን ልጆቻችንን በ1921 በተሠሩት ክብ እየዞሩ በሚያሳፍሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ እናስቀምጣለን፤ ቦታውንም የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ያስተዳድረዋል። እስከ 1960 ድረስ ግን ጥቁር ልጅ አይገባበትም ነበር። ሰኔ 30 ቀን 1960 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነጭ ጓደኞቻቸው በገዙላቸው ትኬት ገብተው እነዚያው ፈረሶች ላይ ተቀመጡ። ጥበቃው አንዱን ተማሪ ዘርህ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቀው ከሰው ዘር ነኝ ብሎ መለሰ። አምስቱ ታሰሩ። በአካባቢው የሚኖሩ ነጮችም ተቀላቅለው በጋውን ሙሉ በሩ ላይ ሰልፍ ቆሙ። በመጋቢት 1961 ፓርኩ ለሁሉም ተከፈተ። የአምስቱ ተማሪዎች ክስ ግን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ የተሰረዘው በ1964 ነው፤ በፈረስ ላይ ለመቀመጥ አራት ዓመት።

በዚያው በ1961 አፍሪካውያን ዲፕሎማቶችም ቀመሱት። ነፃ የወጡት አገሮች መልእክተኞች ከኒውዮርክ ወደ ዋሽንግተን የሚመላለሱት በሜሪላንድ በኩል በሚያልፈው መንገድ ቁጥር 40 ነበር። በሰኔ ወር የቻድ አምባሳደር ማሊክ ሶው የሹመት ደብዳቤያቸውን ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ለማቅረብ ሲሄዱ ቡና ሊጠጡ ቢቆሙ ተከለከሉ። ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ኀፍረት ሆነ፤ መንግሥትም ምግብ ቤቶቹን ዲፕሎማቶችን አስተናግዱ እያለ መለመን ያዘ። በዚህ ጊዜ የባልቲሞር ጥቁር ጋዜጠኞች «ጎባን» ከምትባል በፍጹም ከሌለች አገር የመጡ ባለሥልጣናት መስለው፣ አንዱ የአፍሪካ ቀሚስ ለብሶ፣ ሌሎቹ የክብር ልብስ ለብሰው፣ በዚያው መንገድ ምግብ ቤት ለምግብ ቤት ዞሩ። ከተስተናገዱባቸው ቦታዎች አንዳንዶቹ የራሳቸውን ዜጋ የሚመልሱ ነበሩ። «እኛ ከነሱ የተለየን ነን» ለሚሉ አንዳንድ ወገኖቻችን ይህን ታሪክ ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

በመጨረሻ ሐምሌ 2 ቀን 1964 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የሲቪል መብቶችን ሕግ ፈረሙ። ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ ማደያ፣ የመዝናኛ ቦታ ሁሉ ሰውን በዘሩ መመለስ ተከለከለ። ፊርማው በደረቀ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በአትላንታ ከተማ 216 ክፍሎች ያሉት የአንድ ሞቴል ባለቤት መንግሥትን ከሰሰ። ጠበቃም ስለነበር ራሱ ቆሞ ተከራከረ፤ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ለጥቁር አልጋ እንዳከራይ መገደዴ ሕገ መንግሥቱ የከለከለው ባርነት ነው የሚል ነበር። ሰውየው አላፈረም። ታኅሣሥ 14 ቀን ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱበት። ዳኞቹ በውሳኔያቸው ጥቁር መንገደኞች አልጋ ለማግኘት የተለየ መጽሐፍ እስከማሳተም መድረሳቸውን ጠቅሰዋል። የግሪን መጽሐፍ የመጨረሻ እትም የወጣው ለ1966 እና ለ1967 ነው።

ድሉ ኪሳራም ነበረው። ሁሉም በር ሲከፈት በሚሺጋን እንደ አይድልዋይልድ ያሉ የጥቁሮች የመዝናኛ መንደሮች እንግዳ አጡ፤ ባለ ሆቴሎቻቸው ከሰሩ። እንግዳ ያሳድሩ የነበሩት ቤቶችም እንዲሁ ተረሱ።

የመንግሥት ፓርኮችም ከዚህ ነገር ነፃ አልነበሩም። ከዋሽንግተን በስተምዕራብ ያለው የሸናንዶዋ ፓርክ በጀርባው 105 ማይል የሚዘልቅ መንገድ አለው፤ ስካይላይን ድራይቭ ይሉታል። መንግሥት በ1939 በዚህ መንገድ ላይ ሉዊስ ማውንቴን የተባለውን ቦታ ለጥቁሮች ለይቶ ከፈተ፤ የእንጨት ቤቶች፣ የድንኳን ቦታ፣ ምግብ ቤት። ሰሌዳው ላይም የጥቁሮች ሥፍራ መሆኑ ተጽፎ ነበር። ልዩነቱ በፓርኩ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1950 ነው። ከፍሮንት ሮያል መግቢያ 57 ማይል ያህል ሲነዳ በስተቀኝና በግራ ሳይጠፋ ይገኛል፤ ፍጥነቱ 35 ማይል ስለሆነ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ ሕፃን ለያዘ ሰው ከዚያም ይበልጣል። ባለፈው ዓመት እሑድና ሰኞን ከሥራ ወስጄ ቤተሰቡን ይዤ ሄጄ ነበር። የእንጨት ቤቶቹ ዛሬም ይከራያሉ። ሰሌዳው አሁን የሚለው «ሉዊስ ማውንቴን» ብቻ ነው። የአራት ዓመቷ ልጄ ቦታው ከመድረሳችን በፊት ሦስት ጊዜ «አባዬ፣ ሽንቴ መጣ» አለች፤ ሦስት ጊዜም ቆምን።